ስለ መጫወቻ ጡብና ባቡር ታሪክ

በዴንማርክ አገር ቢሉንድ በምትባል መንደር ኦሌ ኪርክ ክርስቲያንሰን የተባለ አናጢ ነበር። ዘመኑን በአውሮፓ አቆጣጠር እንጠቅሳለን። የዓለም ንግድ ተዳክሞ ቤት የሚያሠራው ቢጠፋ፥ በ1932 ከእንጨት መጫወቻ መሥራት ጀመረ፤ በ1934ም ሥራውን «ሌጎ» አለው፤ ትርጓሜው «በደኅና ተጫወት» ነው። በ1958 ልጁ ጎትፍሬድ ከላይ ጉብታ፥ ከውስጥ ቱቦ ያለውን የፕላስቲክ ጡብ አስመዘገበ፤ ጉብታው በቱቦውና በጡቡ ግድግዳ መካከል ጠብቆ ስለሚያዝ የተሠራው በቀላሉ አይፈርስም። በ1960 የእንጨቱ ክፍል በእሳት ቢወድም፥ እንጨቱን ትተው በጡቡ ጸኑ። በ1966 በባትሪና በሞተር የሚሄድ ባቡር ወጣ። የ1958ቱ ጡብ ዛሬ ከሚሠራው ጋር ይገጥማል፤ ስለዚህ ባለቤቱ ባቡሩን አፍርሶ እንደ ሐሳቡ መልሶ ይሠራዋል። እኛም ከዚህ የምንማረው፥ መለኪያ ሲጸና የሠሪው ነጻነት የሚሰፋ መሆኑን ነው።