ከሰል ወደ ኒውካስል፦ የአንድ አባባል ታሪክ

ሟቹን በገዛ እጁ አፈር ላለበሰ ሰው መርዶ መንገር ምን ይረባል? የእኛ ሰው «ለቀባሪው አረዱት» ይላል። እንግሊዞች ለዚህ ዓይነቱ ድካም «ከሰል ወደ ኒውካስል መጫን» የሚል አባባል አላቸው። ነገሩ ከ«ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» ይለያል። ውሃ የሚወቅጥ ሰው ምን ቢደክም የሚያገኘው የለም። ከሰል ጫኙ ግን ዕቃውን በደህና ሊያደርስ ይችላል፤ ድካሙ ከንቱ የሚሆነው ያመጣው ነገር እዚያው ሞልቶ ስለተረፈ ነው።

ኒውካስል በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በታይን ወንዝ ዳር የተቆረቆረች ከተማ ናት። የድንጋይ ከሰል ከ13ኛው ክፍለ ዘመን (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲቆፈርባት ኖሯል። ከሰል በየብስ ማጓጓዝ እጅግ ውድ ነበር፤ የታይን ከሰል ግን ከወንዙ አጠገብ ስለሚወጣ በመርከብ ለንደን ይደርሳል። ለንደኖችም «የባሕር ከሰል» አሉት። በ1600 ንግሥት ኤልሳቤጥ 1ኛ «ሆስትሜን» ለተባለው የከተማዋ የነጋዴዎች ማኅበር ቻርተር ሰጠች፤ የወንዙ የከሰል ንግድም በማኅበሩ ቁጥጥር ሥር ዋለ።

ጭነቱን ከወንዙ ዳር ወደ መርከብ የምታደርሰው «ኪል» የምትባል ታችዋ ጠፍጣፋ ጀልባ ነበረች። የአንዷ ሙሉ ጭነት ኋላ ላይ ከ21 ቶን ጥቂት አለፍ ብሎ ተወሰነ። ሠራተኞቿ አንድ አለቃ፣ ሁለት ጎልማሶችና አንድ ልጅ ናቸው። ከመርከቡ ጎን ሲደርሱ ከሰሉን ከታች ወደ ላይ፣ በአካፋ እየዛቁ ይገለብጡታል። ይህን ሲያይ ለኖረ ሰው አባባሉ ፍቺ አያሻውም፤ ከሰል ከታይን ይወጣል እንጂ ወደ ታይን አይገባም።

ቄሱ የታሪክ ጸሐፊ ቶማስ ፉለር የእንግሊዝን አውራጃዎች ታላላቅ ሰዎችና አባባሎች በሰበሰበበት፣ ከሞተ በኋላ በ1662 በታተመው መጽሐፉ ይህንንም መዝግቦ ፈትቶታል። በእሱ አፈታት አባባሉ የተሠራን መልሶ መሥራት ወይም በማያስፈልግ ሥራ መጠመድ ማለት ነው።

ይሁንና ፉለር ራሱ ንግዱ ሲቋረጥ በዘመኑ አይቷል። በንጉሡና በፓርላማው መካከል በተካሄደው የእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ኒውካስል የንጉሡ ወገን ስለነበረች ፓርላማው በ1643 መርከቦች ከዚያ ከሰል እንዳይጭኑ ከለከለ። ክረምት ሲመጣ ለንደን ማገዶ አጣች፤ በዙሪያዋ ያሉ ዛፎች እንዲቆረጡ ትእዛዝ ወጣ። የፓርላማው አጋር የነበረው የስኮትላንድ ጦር ኒውካስልን ወግቶ የያዛት በጥቅምት 1644 ነው። በወንዙ ያለፋይዳ የተትረፈረፈው ከሰል፣ ለለንደን ድሃ የሕይወት ጉዳይ ነበር።

በጥር 2005 የአካባቢው የመጨረሻ ጥልቅ የከሰል ጉድጓድ፣ ኤሊንግተን፣ ተዘጋ። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ለኤሌክትሪክ ማመንጫዎች የሚሆን የውጭ አገር ከሰል የጫኑ መርከቦች በታይን ወደብ ያራግፉ ጀመር። እንግሊዞች ከንቱ ድካም የሚሉት ነገር እዚያው ስሙ በተነሣበት ወንዝ ላይ የዕለት እንጀራ ሆነ። አባባሉን ያቆመው የምድሩ ሀብት ብቻ አልነበረም፤ ቻርተሩ፣ መርከቡና የአካፋው ጉልበትም ነበሩ። እነሱ ሲሄዱ ከሰሉ መንገዱን ቀየረ፤ ቃሉ ግን የጥንቱን አቅጣጫ እንደያዘ አለ።