ዋልያ ቆጣሪዎቹ

ዋልያ የሚቆጠረው ከላይ ወደ ታች ነው። ቆጣሪው የገደሉ አፋፍ ላይ በደረቱ ይተኛል፤ ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ መነጽሩን ቁልቁል ይደግናል። ከሥሩ በብዙ መቶ ሜትር የሚወርድ የድንጋይ ግድግዳ አለ፤ በግድግዳው ላይ ጠባብ እርከኖች፣ በእርከኖቹ ላይ ደግሞ ሣርና የአስታ ቁጥቋጦ። ዋልያ የሚውለው እዚያ ነው። ማለዳ ፀሐይ ለመሞቅና ለመጋጥ ብቅ ይላል፤ ቀኑ ሲከር ጥላ ፍለጋ ይሰወራል፤ አመሻሹ ላይ ተመልሶ ይወጣል። ቆጠራውም የሚካሄደው በእነዚያ ሰዓቶች ነው። ጉም ገደሉን ከሞላው ቆሎ እየቆረጠሙ እስኪገለጥ መጠበቅ እንጂ ሌላ መላ የለም።

በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይህን ሥራ የሚሠሩት ስካውት የሚባሉት ጠባቂዎች ናቸው። አብዛኛው ጎብኚ የሚያውቃቸው ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ ሳንቃበር ሲጓዝ ጠመንጃቸውን በትከሻቸው ይዘው ከፊት ወይም ከኋላ ሲሄዱ ነው። ከጎብኚው ጋር መሄዱ ግን ከሥራቸው ቀላሉ ነው። በቆጠራ ጊዜ ፓርኩን በክልል በክልል ተከፋፍለው፣ ሁሉም በተመሳሳይ ሰዓት፣ እያንዳንዱ የተመደበበትን ገደል ያያል። ያየውን ወንድ፣ ሴትና ግልገል ለይቶ ይጽፋል። መንጋው የታየበትን ሰዓትና የሄደበትን አቅጣጫም ይጨምራል፤ አለዚያ ከአንዱ ዓይን ወጥቶ ወደ ሌላው የገባ መንጋ ሁለት ጊዜ ይመዘገባል። ወንዱ በጥቁር ጢሙና ወደ ኋላ በተቆለመመ ትልቅ ቀንዱ ከሩቅ ይለያል። ሴቷንና ጎረምሳውን መለየት ግን ለዓመታት ገደል ያየ ዓይን ይፈልጋል።

ዋልያን ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1835 ባሳተመው መግለጫ እንስሳውን ከአገሬው ስም ወስዶ «ዋሊ» ብሎታል። ቀይ ቀበሮንም ለሳይንስ የገለጸው እሱ ነው፤ በላቲኑ ስሟ ውስጥ የስሜን ስም እስከ ዛሬ አለ። እንስሳቱን የሚያውቃቸውና የሰየማቸው ግን ከሩፔል አስቀድሞ ቁልቁለቱን ሲወጣና ሲወርድ የኖረው የአገሩ ሰው ነበር። ይህ እውቀት ሁልጊዜ ለጥበቃ አልዋለም። የዋልያ ቀንድ ለመጠጫ ዋንጫ ይፈለግ ነበር። በጣልያን ወረራ ዘመን የዘመናዊ ጠመንጃ መብዛት ደግሞ አደኑን አባሰው።

በጁልያን ሀክስሊ የተመራ የዩኔስኮ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1963 ኢትዮጵያ መጥቶ የዱር እንስሳቷን ሁኔታ ተመለከተ። በዚያው ዘመን የዱር አራዊት ተመራማሪው ሌስሊ ብራውን ስለ ዋልያ ሲገምት ያስቀመጠው ቁጥር 150 ያህል ነበር። አስደንጋጭ ቁጥር ነው። በዓለም ላይ ያለው ዋልያ ሁሉ፣ ሌላ መኖሪያ የሌለው፣ በአንድ ገደል ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ ዘር።

እ.ኤ.አ. በ1967 የዌልስ ተወላጁ ክላይቭ ኒኮል የፓርኩ ዋርደን (የጥበቃ ኃላፊ) ሆኖ ስሜን ገባ። ፓርኩ ያኔ በወረቀት ላይ እንኳ አልጸናም ነበር። ኒኮል ሁለት ዓመት ከአገሬው ጠባቂዎች ጋር መንገድ ሲቀይስ፣ አዳኝ ሲያሳድድ፣ ደን ሲመነጠር ቆሞ እያየ ቆየ፤ በመጨረሻም ተስፋ ቆርጦ ሄደ። ያየውን በመጽሐፍ ጻፈ፤ ከዚያ ጃፓን ኖሮ የተራቆተ ደን መልሶ በማልማት ታወቀ። ፓርኩ በሕግ የተቋቋመው በጥቅምት 1962 ዓ.ም. ነው። ከኒኮል ጋር በአንድ ዘመን ስዊዘርላንዳዊው በርንሃርድ ኒፈርገልት የዋልያን ኑሮ አጠና፤ በ1960ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ግድም ደግሞ ሌላው ስዊዘርላንዳዊ ሃንስ ሁርኒ ዋርደን ሆነ። ሁርኒን ከእንስሳቱ እኩል ያሳሰበው አፈሩ ነበር፤ ገብስ ከተዘራበት ተዳፋት በየክረምቱ የሚታጠበውን አፈር ለካ። በኋላም በመላ አገሪቱ የአፈር ጥበቃ ምርምር እንዲጀመር መሠረት የጣለው እሱ ነው።

እነዚህ ሰዎች ክብር ይገባቸዋል። ነገር ግን ሁሉም በስሜን ጥቂት ጊዜ ሠርተው ሄደዋል፤ ስካውቱ ግን የዚያው አገር ሰው ነው። ምንጩን፣ መሿለኪያውን፣ የትኛው እርከን ላይ ግልገል እንደሚጣል የሚያሳየው እሱ ነበር። የስሜን ታሪክ ሲነገር ከፊት መቀመጥ ያለበት ይህ ሰው ይመስላል።

ስሜን በ1970 ዓ.ም. ከላሊበላ ጋር በዓለም የመጀመሪያዎቹ 12 የዓለም ቅርሶች ውስጥ ተመዘገበ። በዚያው ሰሞን ግን ከገደሉ ሥር ይኖሩ የነበሩ ገበሬዎች በግዳጅ ተነሡ። ያ ቁስል ቶሎ አልሻረም፤ ፓርክ ማለት ከቤት የሚያስወጣ ነገር ነው የሚል ትውልድ አደገ። በ1970ዎቹ አጋማሽ የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲገባ ፓርኩ ከመንግሥት እጅ ወጣ፤ መጠለያዎቹ ወደሙ፤ ሠራተኛው ተበተነ። እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ የሚቆጥር አልነበረም።

ከሰላሙ በኋላ ጥበቃው ከባዶ ተጀመረ። በ1989 ዓ.ም. ዩኔስኮ ስሜንን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ሲያስገባ፣ ምክንያቶቹ የዋልያው መመናመን፣ የእርሻውና የግጦሹ መስፋት እንዲሁም በፓርኩ ውስጥ የሚያልፈው መንገድ ነበሩ። ከዚያ መዝገብ ለመውጣት 20 ዓመት ፈጅቷል። ወሰኑ ሰፋ፤ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ የዋልያው ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2009 ከ700 አለፈ። ስሜን በ2009 ዓ.ም. ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ከዚያ በኋላ የተደረጉት ቆጠራዎች ግን ቁጥሩ እንደገና በብዙ መውረዱን አሳይተዋል። ይህንንም ያወቅነው ገደሉ አፋፍ ላይ የሚተኛ ሰው ስላለ ብቻ ነው።

ስለ ስካውት ሲወራ የሚዘለል አንድ ነገር አለ። ከተከለከለው የጓሳ ሣር ውስጥ የሚያስወጣው ከብት የጎረቤቱ ነው፤ አስታ ሲቆርጥ የሚይዘው ሰው አብሮት ክርስትና ያነሣ ሊሆን ይችላል። ቀን የከሰሰውን ሰው ማታ በለቅሶ ቤት ያገኘዋል። ጠመንጃው ለዚህ አይረዳውም። የሚረዳው መከበሩና አንደበቱ ነው፤ ለዚህ ችሎታ ግን የሥራ መደብ አልተበጀለትም።

በ2011 ዓ.ም. በጋ ማብቂያ ፓርኩ በእሳት ተያያዘ። ጠፋ ሲባል በሚያዝያ እንደገና ተነሣ። ጓሳው ደርቆ ነበር፤ ነፋሱ እሳቱን ውኃም መኪናም ወደማይደርስበት ገደል ይነዳው ነበር። ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ። ከእነሱ በፊትም ከእነሱ ጋርም ስካውቱና ገበሬው ቅጠል ይዘው፣ አፈር እየበተኑ ከእሳቱ ጋር ተናንቀዋል።

በግንቦት 2012 ዓ.ም. ደግሞ የቀይ ቀበሮን ውሎ የሚከታተሉ ሠራተኞች ድልድይ ሥር የተጠጋ አንድ ወንድ ቀበሮ አገኙ። በጥይት ተመትቶ እግሩ ተሰብሯል። ቀይ ቀበሮ ተይዞ ታክሞ፣ ድኖ ወደ ዱር የተመለሰበት ጊዜ ከዚያ በፊት አልነበረም፤ እነሱ ግን ሞከሩት። በፓርኩ ውስጥ መጠለያ ሠርተውለት ለ51 ቀናት አስታመሙት፤ ስሙንም «ተረፈ» አሉት። እግሩ ሲጠና አንገቱ ላይ ምልክት የሚሰጥ ቀለበት አድርገው ለቀቁት።

ተረፈ እየዞረ ቆይቶ ሌላ መንጋ ተቀላቀለ። የት እንዳደረ ለማየት በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ በየዕለቱ፣ ተከታታዮቹ በእግራቸው ወጡ።