ሰው መግደል በዘማቾች አእምሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

ከጦር ሜዳ የተመለሰ ሰው የሚታመመው ከሞት ስለተረፈ ብቻ አይደለም፤ ስለገደለም ሊታመም ይችላል። በቬትናም ጦርነት በተሳተፉ አሜሪካውያን ላይ የተደረጉ ጥናቶች፣ ሰው የገደሉ ወታደሮች ካልገደሉት ይልቅ ለፒቲኤስዲ ምልክቶችና ራስን ለማጥፋት ሐሳብ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይተዋል።

ፒቲኤስዲ በአብዛኛው ከፍርሃት ጋር ይያያዛል። የገደለን ሰው ግን ይበልጥ የሚያሠቃየው ጸጸትና ኀፍረት ነው። ይህ የሞራል ጉዳት ይባላል።

ምልክቶቹ
• የሟቹ ፊት በሕልምም በእውንም መመላለስ
• «ይቅርታ አይገባኝም» የሚል ስሜት
• ከቤተሰብ መራቅ፣ ቶሎ መቆጣት
• መጠጥ ማብዛት

ብዙዎች ሐኪም ዘንድ ሲመጡ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ወይም «ራሴን ያመኛል» ይላሉ እንጂ ዋናውን ጉዳይ አያነሱም።

ቤተሰብ ምን ያድርግ?
«ስንት ገደልክ?» ብለው አይጠይቁ። «ጀግና አይጸጸትም» ማለትም አፉን ይዘጋበታል። መናገር ሲጀምር ሳይፈርዱ ያዳምጡት።

ሕክምናው
ዋናው የንግግር ሕክምና ነው። እንደ ሰርትራሊን ያሉ መድኃኒቶች ምልክቶቹን ያቀላሉ፤ ጸጸቱን ግን ብቻቸውን አይፈቱም። ንስሐና የሃይማኖት አባት ምክር ከሕክምናው ጋር አብረው ሊሄዱ ይችላሉ፤ ጸበል የሚጠመቅ ሰውም መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም።

ራሱን ስለማጥፋት ካነሳ ብቻውን አይተዉት፤ መሣሪያ ካለ ከቤት ያውጡ፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።

ዘማቹ እርስዎ ከሆኑ፣ ሁሉንም በአንድ ቀን መናገር አይጠበቅብዎትም። «በጦርነት ያደረግሁት ነገር እረፍት ነሳኝ» ማለት ለመጀመሪያው ቀን ይበቃል።