የአመዱ ምስክርነት

የዛሬው ነገራችን ስለ ቤት ቃጠሎ ነው። ድሮ ቤት ሲቃጠል ምክንያቱ እንዴት ይመረመር ነበር?

በአምባሰል አንድ የሣር ክዳን ቤት ሌሊት ተቃጠለ እንበል። ያቃጠለው አልታወቀም። ያን ጊዜ አውጫጭኝ ይጠራል። አፈርሳታም ይባላል። የአገሩ ሰው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። የቀረ ይቀጣል። ሽማግሎች ይመረጣሉ። እያንዳንዱ ሰው እየማለ የሚያውቀውን ይናገራል። በግልጽ መናገር የፈራ በምስጢር ይጠቁማል። ይህ ጠቋሚ «ወፍ» ይባል ነበር። ጥፋተኛው ካልተገኘ የአገሩ ሰው አዋጥቶ የጠፋውን ንብረት ይከፍላል።

ሥርዓቱ ጥሩ ጎን ነበረው። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ሜዳ ላይ አይቀርም። ጎረቤትም የጎረቤቱን ቤት ይጠብቃል። ግን አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት። የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን አቃጠለው?» ነው። «እሳቱ ከየት ተነሣ?» አይደለም። እስቲ አስቡት! እሳቱ የተነሣው በደንብ ካልጠፋ ምድጃ ቢሆንስ? ኩራዝ ወድቆ ቢሆንስ? ወፉ ግን በመሬት የተጣላውን ሰው ስም ይጠራ ይሆናል። ንጹሕ ሰው በሐሰት ይወነጀላል። ወይም የሌለ ጥፋተኛ ሲፈለግ ድኻው ሁሉ ዕዳ ይከፍላል።

አመድም እኮ ይመሰክራል። እሳት ወደ ላይ ይወጣል፤ ነፋስ ወደነዳውም ይሄዳል። ስለዚህ መርማሪ ከታች የተቃጠለውን ቦታ ይፈልጋል። የትኛው ምሰሶ ይበልጥ ከሰለ? ምድጃው የት ነበር? ነፋሱ ከየት ይነፍስ ነበር? ቀድሞ ያየው ሰው ጭሱን በየት በኩል አየ? አንድ ምልክት ብቻውን አይበቃም። የሣር ክዳን እየነደደ ሲወድቅ ታችኛውንም ያቃጥላል፤ ሰውን ያሳስታል። ስለዚህ ምልክቱና የሰው ቃል ይመሳከራሉ። አመዱም ሳይመረመር አይጠረግም።

የሰው ቃል ደግሞ መጻፍ አለበት። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ የክስ አቤቱታ በጽሑፍ እንዲሰፍር፣ ለተናጋሪው እንዲነበብለት፣ እሱም እንዲፈርምበት አዘዘ። መልካም ሕግ ነው። ግን ፊደል የማያውቅ ሰው የተነበበለት ነገር በእርግጥ የተጻፈው መሆኑን በምን ያውቃል? አምኖ አውራ ጣቱን ከማተም በቀር ምን ምርጫ አለው?

የሐይቅ አገር ለጽሕፈት እንግዳ አይደለም። በ1273 ዓ.ም. የተጻፈው የሐይቅ እስጢፋኖሱ የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል። የወፉን ሹክሹክታ ግን ነፋስ ወስዶታል። እውነት ይሁን ሐሰት ዛሬ ማንም ሊያጣራው አይችልም።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ ቤት ሲቃጠል አስቀድመህ ሰው አድን። ከዚያ ያየኸውን በዚያው ቀን ጻፍ። አንቺም እኅቴ፣ ሰዓቱን፣ ነፋሱን፣ ጭሱ የታየበትን ቦታ ጻፊ። ያላያችሁትን አትጨምሩ። ቃላችሁንም ራሳችሁ ሳታነቡ አትፈርሙ። የጎረቤታችሁ ስም ከቤቱ ጋር አብሮ እንዳይቃጠል ጠብቁት።

ደኅና ሁኑ!