ቀን ያልተቆረጠለት ልግስና

መጋቢት 1976 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ረሃብ እንዳንዣበበበት ለለጋሽ አገሮች አስታወቀ። ዓለም የነቃው ግን ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው፤ የቢቢሲው ማይክል በርክና የካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን ከኮረም ያመጡት ፊልም የታየ ዕለት። በመካከሉ 7 ወር አለፈ። ደርግም በዚያው መስከረም የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በድምቀት አክብሯል። ለኢትዮጵያ ገንዘብ ያሰባሰበው ታላቁ የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት የተካሄደው ደግሞ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ነበር።

ከኮረም ተራራ ግርጌ፣ በአላማጣና በቆቦ ቆላ፣ የመዘግየትን ዋጋ ለገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም። የራያ ማሽላ ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ይጠብቃል። ጎርፉ በወቅቱ ተጠልፎ ማሳ ካልገባ፣ በኋላ ቢያጥለቀልቅም አዝመራ አይሆንም። እርዳታም እንደዚያው ነው። በሬው ከተሸጠ፣ ዘሩ ከተበላ በኋላ የሚደርስ ስንዴ ነፍስ ያተርፋል፤ ገበሬውን ወደ እርሻው ግን አይመልስም።

ዛሬ በአሜሪካ ገናና የሆነ የልግስና መንገድ አለ። ለጋሹ ገንዘቡን ለአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ያስረክባል፤ የግብር ቅናሹን የዚያኑ ዓመት ያገኛል። ገንዘቡ ለማን እንደሚሰጥ ደግሞ እሱ ወደፊት «ይመክራል»። አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ1931 በኒውዮርክ ተጀመረ፤ አሁን በእንዲህ ዓይነት ፈንዶች የተቀመጠው ከ200 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። የግል ፋውንዴሽኖች በየዓመቱ ከሀብታቸው 5 በመቶ ያህል እንዲያወጡ ሕግ ያስገድዳቸዋል። በእነዚህ ፈንዶች ላይ ግን እንዲህ ያለ ግዴታ የለም።

ይህ ለኢትዮጵያውያን የሩቅ ወሬ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. «በቀን አንድ ዶላር» ተብሎ የተጠራው የዳያስፖራ ትረስት ፈንድ የተመዘገበው በአሜሪካ ነው። እዚያ የተመዘገበ በጎ አድራጎት ከእነዚህ ፈንዶች መቀበል ይችላል። ጥያቄው መቼ የሚለው ነው።

ደጋፊዎቹ ገንዘቡ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ነው ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ጎተራም የሚሞላው ለዚያው ነው። ችግሩ የሚከፈትበት ቀን አለመቆረጡ ነው።

የራያ ሙስሊም ይህን ከጥንት ያውቃል። ዘካተል ፊጥር ከዒድ ሶላት በፊት ይወጣል፤ ካለፈ ተራ ሰደቃ ነው። ደሃው በበዓሉ ቀን መብላት አለበትና። በኮረም የጎደለው ርኅራኄ ብቻ አልነበረም፤ ቀን ያለው ግዴታም ጭምር እንጂ።