የፖሊስ ሥልጣንና ግዴታ በአዋሽ ሸለቆ፦ ሕጉ፣ ርቀቱና ባህላዊው ዳኝነት

ፖሊስ ሰውን የመያዝ፣ ቤት የመበርበር፣ ንብረት የማገድና አስፈላጊ ሲሆን ኃይል የመጠቀም ሥልጣን አለው። እነዚህን ተግባራት ሌላ ሰው ቢፈጽማቸው ወንጀል ይሆናሉ። ለፖሊስ የሚፈቀዱት ሕጉ በዘረዘረው ምክንያት፣ በወሰነው ጊዜና በፍርድ ቤት ቁጥጥር ሥር እስከተፈጸሙ ድረስ ብቻ ነው። በመሆኑም የፖሊስ ሥልጣንና ግዴታ ተነጣጥለው ሊጠኑ አይችሉም፤ ግዴታው ሲጓደል ሥልጣኑም ሕጋዊነቱን ያጣል።

ከአዋሽ ሰባት እስከ ሰመራ የሚዘልቀው የአፋር ክልል የአዋሽ ሸለቆ ይህን ግንኙነት ለመመርመር አመቺ ስፍራ ነው። በአሚባራ ወረዳ የምትገኘው መልካ ወረር ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በመስኖ ጥጥና በግብርና ምርምር ማዕከሏ የምትታወቅ ከተማ ናት። በእርሻዎቹ ዙሪያ የአፋር አርብቶ አደሮች ከብትና ግመል ያሰማራሉ፤ በእርሻዎቹ ውስጥ ደግሞ ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች የመጡ ሠራተኞች ይኖራሉ። በአቅራቢያው የጅቡቲ ጭነት የሚተላለፍበት አውራ ጎዳና ያልፋል። ረጅም ርቀት፣ የቋንቋ ብዛትና ጽኑ ባህላዊ ዳኝነት በአንድ ስፍራ ስለሚገናኙ፣ በአዲስ አበባ በቀላሉ የሚፈጸሙ ድንጋጌዎች እዚህ ይፈተናሉ።

የሥልጣኑ ምንጭ

ዘመናዊው የኢትዮጵያ ፖሊስ አገሪቱ ከጣሊያን ወረራ ነፃ ከወጣች በኋላ በ1934 ዓ.ም. በወጣው የፖሊስ አዋጅ ተደራጀ፤ በ1938 ዓ.ም. የተቋቋመው የአባዲና ፖሊስ ኮሌጅም መኮንኖችን ያሠለጥን ጀመር። ፖሊስ በዕለት ሥራው የሚመራባቸውን ዝርዝር ደንቦች የደነገገው በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ ሥልጣኑን በሁለት ደረጃ ከፈለው፤ በአንቀጽ 51 የፌደራል ፖሊስን የማቋቋም ሥልጣን ለፌደራል መንግሥት፣ በአንቀጽ 52 የክልል ፖሊስ የማደራጀትና የክልሉን ሰላም የመጠበቅ ሥልጣን ለክልሎች ሰጠ። የፌደራል ፖሊስ ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 720/2004 እንደገና ተቋቁሟል።

ይህ ክፍፍል በአዋሽ ሸለቆ በግልጽ ይታያል። በመልካ ወረር ገበያ ላይ የሚነሳ የድብደባ ወይም የስርቆት ጉዳይ በመደበኛው የክልሉ ፖሊስ ሥራ ነው። በአዋሽና በሚሌ የጉምሩክ ኬላዎች የሚያዝ የኮንትሮባንድ ጭነት ግን የፌደራል ሕግ ጉዳይ ነው። ተያዡ ማን እንደያዘውና የትኛው ፍርድ ቤት ጉዳዩን እንደሚያይ ገና ከጅምሩ ሊያውቅ ይገባል። የፌደራልና የክልል ፖሊስ በአንድ መንገድ ላይ ሲሠሩ የኃላፊነቱ ድንበር ከደበዘዘ፣ የተያዘውን ሰው ፍርድ ቤት የማቅረቡ ግዴታ በሁለቱ መካከል ይወድቃል።

መያዝ

መደበኛው አካሄድ ተጠርጣሪን በመጥሪያ መጥራት ወይም በፍርድ ቤት የመያዣ ትእዛዝ መያዝ ነው። ያለ ትእዛዝ መያዝ በልዩ ሁኔታ የሚፈቀድ ሲሆን፣ ሁኔታዎቹንም የሥነ ሥርዓት ሕጉ በአንቀጽ 50 እና 51 ይዘረዝራቸዋል። እጅ ከፍንጅ የተገኘን ወንጀለኛ፣ ወንጀሉ ከ3 ወር በማያንስ ቀላል እስራት የሚያስቀጣ ከሆነ፣ ፖሊስ ብቻ ሳይሆን ማንኛውም ሰው ሊይዘው ይችላል። ከ1 ዓመት በማያንስ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ፈጽሟል ተብሎ በበቂ ምክንያት የሚጠረጠርን ሰው፣ ከጥበቃ ያመለጠን ወይም ፖሊስን በሥራው ላይ የሚያውክን ሰው ግን ያለ ትእዛዝ መያዝ የሚችለው ፖሊስ ነው።

ድንጋጌው ለመስኖ እርሻዎቹ አካባቢ ተግባራዊ ትርጉም አለው። አንድ የእርሻ ጥበቃ ሌሊት የውሃ ፓምፕ ሲፈታ ያገኘውን ሰው ሊይዝ ይችላል። ሆኖም በአንቀጽ 58 መሠረት ሳይዘገይ በአቅራቢያው ለሚገኝ ፖሊስ ጣቢያ ማስረከብ አለበት። በእርሻው መጋዘን ቆልፎ ማሳደር፣ መደብደብ ወይም ካሳ እስኪከፈል ማቆየት ሕጋዊ መሠረት የለውም። ተይዞ የመጣውን ሰው የሚቀበለው ፖሊስም በአካሉ ላይ የሚታየውን ጉዳት፣ የተያዘበትን ሰዓትና ያመጣውን ሰው ማንነት በዕለት ሁኔታ መዝገብ ላይ ማስፈር ይኖርበታል። ያ መስመር በኋላ ለሚነሳ ክርክር ሁሉ መነሻ ማስረጃ ነው።

አርባ ስምንቱ ሰዓት

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ከተያዘበት ስፍራ ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት አግባብ ባለው ግምት የሚጠይቀው ጊዜ በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 29 ደግሞ የአካባቢው ሁኔታና መገናኛ እንደፈቀደ ማቅረብን ይጠቅሳል። ከሕገ መንግሥቱ በፊት የወጣ ድንጋጌ ስለሆነ ሕገ መንግሥቱ በሚፈቅደው ልክ ብቻ መተርጎም አለበት።

የጉዞ ጊዜው ነገር በከተማ ብዙም አያከራክርም። በአፋር ግን ዋና ጥያቄ ነው። ከአዋሽ እስከ ሰመራ ያለው መንገድ ብቻውን ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ ከአውራ ጎዳናው ርቀው በሚገኙ የግጦሽ ስፍራዎች የተያዘ ሰው ጣቢያ እስኪደርስ ሰዓታትን በእግር ሊጓዝ ይችላል። ሕጉ ይህን ተገንዝቦ ለጉዞው ጊዜ ሰጥቷል። የሰጠው ግን ለጉዞ ብቻ ነው። መኪና ስላልተገኘ፣ ነዳጅ ስላለቀ ወይም ሌሎች ተጠርጣሪዎች እስኪጠራቀሙ ተጠብቆ በማረፊያ ቤት ያለፈ ቀን የጉዞ ጊዜ ሊባል አይችልም። ቅዳሜና እሑድም ከ48 ሰዓቱ እንዲቀነሱ የሕገ መንግሥቱ ጽሑፍ አይፈቅድም፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በመልካ ወረር የተያዘ ሰው የመቅረቢያ ጊዜው እሑድ ከሰዓት በኋላ ያበቃል። ስለዚህ ተረኛ ዳኛ ማዘጋጀት የፍርድ ቤቱ፣ ሰውየውን ማቅረብ ደግሞ የፖሊስ ግዴታ ነው።

ትክክለኛው ትርጓሜ ጠባቡ ነው። ፖሊስ የጉዞ ጊዜን ምክንያት አድርጎ ቢዘገይ፣ ከየት ተነሥቶ በምን እንደተጓዘና ስንት ሰዓት እንደፈጀበት ለዳኛው በመዝገብ ማሳየት አለበት። ይህን ማስረዳት ካልቻለ ተያዡ በአንቀጽ 19(4) መሠረት አካሉ ነፃ እንዲወጣ ፍርድ ቤትን መጠየቅ ይችላል፤ ሥርዓቱ በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 177 ጀምሮ ተደንግጓል።

ፍርድ ቤት ከቀረበ በኋላም ሥልጣኑ የፖሊስ ብቻ አይደለም። ምርመራው ካላለቀ ፖሊስ ጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል፤ ዳኛው የሚፈቅደው በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 59 መሠረት በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን ሊበልጥ አይችልም። ፖሊስ በተሰጠው ጊዜ ምን እንደሠራና ምን እንደቀረው ማስረዳት አለበት። ጽኑ እስራት የማያስከትሉ ቀላል ጉዳዮች ሲሆኑ፣ መርማሪው በአንቀጽ 28 መሠረት ተጠርጣሪውን ራሱ በዋስ መልቀቅ ይችላል። በረጅም ርቀት አካባቢ ይህ ሥልጣን ሰውንም መንግሥትንም ከአላስፈላጊ እንግልት ያድናል። ፍርድ ቤት በዋስ እንዲለቀቅ ያዘዘውን ሰው ማቆየት ግን በየትኛውም ርቀት ሰበብ የለውም።

ቃል መቀበልና ቋንቋ

የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ ሊነገረው ይገባል። ያለመናገር መብት እንዳለውና የሚሰጠው ቃል በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችልም ማወቅ አለበት። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 27 በተጨማሪ ቃሉ የሚጻፍበትን ቋንቋ በደንብ ለማይረዳ ሰው ብቁ አስተርጓሚ እንዲመደብና አስተርጓሚውም የጥያቄውንና የመልሱን ትክክለኛነት እንዲያረጋግጥ ያዛል። አንቀጽ 31 በማባበል፣ በማስፈራራት ወይም በተስፋ ቃል ማሳመንን ይከለክላል፤ ሕገ መንግሥቱም በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው ይደነግጋል።

በአንድ የመልካ ወረር ጣቢያ አፋርኛ ብቻ የሚናገር እረኛ፣ ወላይትኛ ተናጋሪ የእርሻ ሠራተኛና አማርኛ ተናጋሪ የጭነት ሹፌር በአንድ ጉዳይ ቃል ሊሰጡ ይችላሉ። በአቅራቢያ የተገኘን ሰው፣ ይባስ ብሎ የተበዳይን ዘመድ፣ አስተርጓሚ ማድረግ ሕጉ የሚጠይቀውን ብቃትና ገለልተኝነት አያሟላም። ተያዡ ያላነበበውና ያልተነበበለት ቃል ላይ የጣት አሻራ ማሳረፍም ማረጋገጫ አይሆንም። ቃሉ ከፊርማው በፊት በሚገባው ቋንቋ ተነብቦለት፣ ማስተካከያ ካለው መጨመር አለበት።

ብርበራና ኃይል

ብርበራ በመርህ ደረጃ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይፈልጋል። ትእዛዙ የሚፈለገውን ዕቃ ለይቶ የሚጠቅስ ሲሆን፣ ፍርድ ቤቱ በግልጽ ካልፈቀደ በቀር ብርበራው የሚከናወነው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ያለ ትእዛዝ መበርበር የሚቻለው በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 32 መሠረት ተከታትለው የሚይዙት ወንጀለኛ ወደ አንድ ቤት ሲገባ፣ ወይም ከ3 ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ማስረጃ የሚሆን ዕቃ ትእዛዝ እስኪወጣ ሊሸሽ እንደሚችል በቂ ምክንያት ሲኖር ነው። የተያዘን ሰው አካል የሚፈትሸው ተመሳሳይ ፆታ ያለው ሰው መሆን አለበት፤ ሴት ፖሊሶች ጥቂት በሆኑበት ጣቢያ ይህ ድንጋጌ ሊዘነጋ አይገባም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የሚጠብቀው መኖሪያ ቤትን በአጠቃላይ ነው፤ የግድግዳውን ዓይነት አይለይም። በአፋር ሴቶች የሚተከለው ከምንጣፍና ከእንጨት የሚሠራ ተንቀሳቃሽ ቤትም እንደ ማንኛውም መኖሪያ ቤት ጥበቃ ያገኛል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 የመሣሪያ ቁጥጥርን ቢያጠናክርም፣ መሣሪያ ፍለጋ አንድን ሰፈር በጅምላ ለመበርበር ፈቃድ አይሆንም።

ኃይልን በተመለከተ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 56 ለመያዝ ሲባል ተመጣጣኝ መንገዶችን ብቻ ይፈቅዳል። እ.ኤ.አ. በ1990 የተባበሩት መንግሥታት ያጸደቃቸው የኃይልና የጦር መሣሪያ አጠቃቀም መሠረታዊ መርሆዎችም ሆን ተብሎ ሕይወት የሚያጠፋ ተኩስ የሚፈቀደው ሕይወትን ለማዳን ፈጽሞ አማራጭ ሲጠፋ ብቻ እንደሆነ ያስቀምጣሉ። ከብት ለማስመለስ ወይም ከኬላ ያመለጠ ጭነት ለማስቆም ሲባል ሰው መግደል ከዚህ መመዘኛ ውጭ ነው።

ፖሊስና መድዓ

የአፋር ሕዝብ መድዓ የሚባል ባህላዊ ሕግ፣ ማብሎ የሚባል የዳኝነት ሸንጎ፣ መካባን የሚባሉ ሽማግሌዎችና ፊኢማ የሚባል የእድሜ እኩዮች ማኅበር አለው። ፊኢማ የሸንጎውን ውሳኔ ያስፈጽማል። ዳጉ የተባለው የዜና ቅብብል ደግሞ ጥፋተኛን ለማግኘት ይረዳል። ፖሊስ ተጠርጣሪን በሰላም ለማግኘት፣ የበቀል ግድያን ለማስቀረትና ምስክር ለማምጣት በእነዚህ ተቋማት መታገዙ ብልህነት ነው።

መተባበሩ ግን ግዴታን ማስተላለፍ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 በባህላዊ ሕግ መዳኘትን የሚፈቅደው በግልና በቤተሰብ ጉዳይ፣ በተከራካሪዎች ፈቃድ ነው። በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስቀጡ ወንጀሎች በእርቅ ሊያልቁ ይችላሉ። ግድያ ግን ደም ካሳ ተከፍሎበት፣ ጎሳዎቹም ታርቀው እንኳ ለፖሊስ ያላለቀ ጉዳይ ነው። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 22 መሠረት ፖሊስ ወንጀል መፈጸሙን ሲያውቅ ወይም ሲጠረጥር መመርመር አለበት፤ መረጃው አጠራጣሪ ቢሆንም እንኳ። አቤቱታ የሚያቀርብ ሰው በማይገኝባቸው ጉዳዮች ይህ ግዴታ ይበልጥ ይከብዳል። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 565 እና 566 የከለከላቸው የሴት ልጅ ግርዛትና የብልት ስፌት የማኅበረሰቡን ዝምታ ተገን አድርገው የሚፈጸሙ ወንጀሎች ናቸው። እነዚህን የማይመረምር ፖሊስ ባህልን አከበረ አይባልም፤ ጥበቃ የሚገባትን ሕፃን ጥሏታል።

በአስቸኳይ ጊዜ

በመስከረም መጨረሻ 2009 ዓ.ም. አገር አቀፍ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ አዋሽ ሰባት ከሌሎች ክልሎች የመጡ ሰዎች ከተያዙባቸው ማቆያዎች አንዱ ነበር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 በእንዲህ ያለ ጊዜ አንዳንድ መብቶችን ማገድ ቢፈቅድም፣ ኢሰብዓዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 በምንም ሁኔታ አይታገድም። በአስቸኳይ ጊዜ የሚቋቋመው አጣሪ ቦርድ የታሰሩትን ሰዎች ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ይፋ የማድረግ ግዴታ አለበት። እስረኛ ከቤተሰቡ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ በበረሃ ሲያዝ ይህ ግዴታ ለቤተሰቡ ብቸኛ የመረጃ ምንጭ ሊሆን ይችላል። የተያዘበትን ስፍራ ማሳወቅና ጉብኝት መፍቀድ የጥበቃው መጀመሪያ ነው።

ተጠያቂነት

ግዴታውን የጣሰ ፖሊስ በሦስት መንገድ ይጠየቃል። አንደኛው ከደረጃ ዝቅታ እስከ ስንብት የሚደርሰው የዲሲፕሊን ቅጣት ነው። ሁለተኛው የወንጀል ኃላፊነት ሲሆን፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 423 በሕገ ወጥ መንገድ መያዝንና ማሰርን፣ አንቀጽ 424 ደግሞ በምርመራ ወቅት መደብደብንና ማሠቃየትን እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ድርጊቱን ያዘዘ ባለሥልጣን እስከ 15 ዓመት ሊቀጣ ይችላል። ሦስተኛው የፍትሐ ብሔር ካሳ ነው፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2126 ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ሲሆን ተጎጂው መንግሥትንም እንዲከስ ይፈቅዳል። በሰመራ ጽሕፈት ቤት ያለው የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም አቤቱታ ይቀበላል፤ ማረፊያ ቤቶችንም ይጎበኛል።

ከዚህ ሁሉ የሚደረስበት መደምደሚያ አንድ ነው። በአዋሽ ሸለቆ የፖሊስን ሥልጣን በልኩ ለመያዝ አዲስ መርህ አያስፈልግም፤ ያለው ሕግ ርቀቱንም ቋንቋውንም አስቀድሞ አስቧል። የሚያስፈልገው ሕጉ እንዲፈጸም የሚያደርጉ ተራ ነገሮች ናቸው፦ የተያዘበት ሰዓት በትክክል የተጻፈበት መዝገብ፣ ወደ ፍርድ ቤት የሚያደርስ መኪና፣ በዕረፍት ቀን የሚገኝ ተረኛ ዳኛና ብቁ የአፋርኛ አስተርጓሚ። እነዚህን ማሟላት የክልሉና የፌደራል መንግሥት ኃላፊነት ነው፤ ባልተሟሉ ቁጥርም ጉድለቱ በተያዘው ሰው ነፃነት ሊካካስ አይገባም።