ከአውድማ የተነሳ ማሽን፦ በረዶ፣ ትንሽ ትራክተር እና የምርጫ ታሪክ

መቶ ሜትር ርዝመትና ሦስት ሜትር ስፋት ባለው የግቢ መንገድ ላይ ሌሊቱን 30 ሳንቲ ሜትር በረዶ ወረደ እንበል። በስሌት 90 ሜትር ኩብ ማለት ነው። አዲስና ደረቅ በረዶ በሜትር ኩብ 100 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ሲረጥብና ሲጠቀጠቅ ግን 300 ኪሎም ሊደርስ ይችላል። እንግዲህ ጠዋት በሩን የከፈተው ሰው ከፊቱ ከ9 እስከ 27 ቶን የሚሆን ጭነት ተጋድሞ ይጠብቀዋል። ያንን ሳያነሳ ልጁ ትምህርት ቤት አይሄድም፣ ወተቱ ገበያ አይደርስም፣ የታመመ ካለም አምቡላንስ ደጁ አይመጣም።

በኩቤክ፣ በኦንታሪዮ፣ በሚኒሶታ ወይም በቬርሞንት ገጠር ለሚኖር ሰው ይህ የብርዱ ወራት በመጡ ቁጥር የሚመላለስ ሥራ ነው። ብዙዎቹ ታዲያ ከ20 እስከ 30 የፈረስ ጉልበት ያላት ትንሽ ትራክተር አለቻቸው። በበጋ ሣር ታጭዳለች፣ ድርቆሽ ትስባለች። በብርዱ ጊዜ ደግሞ በረዶውን ሰብስቦ አርቆ የሚወረውረውን ማሽን፣ ማለትም ስኖውብሎወሩን፣ ይገጥሙባታል።

ገዢው ሱቅ ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ስፋቱ ስንት ነው? ዋጋውስ? የማሽኑን ታሪክ ያየ ሰው ግን ከሁለቱም የሚቀድም ጥያቄ እንዳለ ይረዳል።

▪️ ነፋስ ያስተማረው

ነገሩ የተጀመረው በባቡር ሐዲድ ላይ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1869 ጄ ደብሊው ኤልየት የሚባል የቶሮንቶ የጥርስ ሐኪም፣ በባቡር ፊት ተገጥሞ በረዶን በሚሽከረከር ጎማ የሚጠርግ ማሽን ነድፎ የፈጠራ መብት አወጣ። ሰሪ ግን አላገኘም። በ1884 ኦሬንጅ ጁል የተባለ ሌላ የኦንታሪዮ ሰው ሐሳቡን አሻሻለው፤ የሌስሊ ወንድማማቾች ሠሩት፤ የካናዳ ፓሲፊክ የባቡር ድርጅትም ሞከረው። ባቡሩ መንገድ አገኘ። ገበሬው ግን ከነአካፋው ቀረ።

ለመንገዱ መልስ ያመጣው የኩቤክ ተወላጁ አርተር ሲካር ነው። የገበሬ ልጅ ነበር። ቤተሰቡ ከብት አርቢ እንደነበረና በረዶ መንገድ ሲዘጋ ወተቱን ማድረስ ይቸግራቸው እንደነበር ይነገራል። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ የእህል መውቂያ ማሽን ሲሠራ አየ። ማሽኑ እህሉን እየጎተተ ያስገባል፣ ገለባውን በቱቦ አሽቀንጥሮ ይጥላል።

በአውድማ ላይ መንሽ ይዞ ያደገ ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ገለባን ከእህል የሚለየው ወርውሮ ለነፋስ መስጠት ነው። ሲካር ያሰበው በገለባው ፈንታ በረዶ ቢገባስ ብሎ ነው።

ሐሳቡ ሥራ ላይ እስኪውል ከሠላሳ ዓመት በላይ ወሰደ። በ1925 ሞንትሪያል ውስጥ የመጀመሪያውን ማሽን ሠራ፤ በ1927 ያኔ ከከተማዋ ጎን ራሷን የቻለች ከተማ የነበረችው ኡትርሞን ገዛችው። ማሽኑ በጭነት መኪና ላይ የተገጠመ ሲሆን ለመንጃ አንድ ሞተር፣ ለመወርወሪያ ደግሞ ሌላ ሞተር ነበረው። በረዶውን 30 ሜትር ገደማ ያርቀው ነበር።

ሁለት ሞተር የሚለው ነገር ልብ ይባል። በረዶ የሚወረውር ማሽን ቀስ ብሎ መሄድና በኃይል መሽከርከር አለበት። ሲካር ችግሩን በሁለት ሞተር ፈታው። ትንሿ ትራክተር ያላት ግን አንድ ሞተር ብቻ ነው።

▪️ ሦስቱ ነጥቦችና 540

ያ አንድ ሞተር ሁለቱን ሥራ እንዲሠራ ያደረጉት ከበረዶ ጋር ምንም ግንኙነት ያልነበራቸው ሁለት ፈጠራዎች ናቸው።

አንደኛው ፒቲኦ ነው፤ የሞተሩን ኃይል ወደ ተገጠመው መሣሪያ የሚያስተላልፍ ተሽከርካሪ ዘንግ። ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር በ1910ዎቹ መጨረሻ በትራክተሮቹ ላይ ለገበያ አቀረበው። በ1920ዎቹ የአሜሪካ የግብርና መሐንዲሶች ማኅበር መለኪያ አወጣለት። ዛሬ የኋላ ፒቲኦ የተለመደው ፍጥነት በደቂቃ 540 ዙር ነው።

ሁለተኛው የአየርላንዱ ሃሪ ፈርጉሰን ባለ ሦስት ነጥብ ማያያዣ ነው። መሣሪያው ከትራክተሩ ኋላ በሦስት ቦታ ይያዛል፣ በሃይድሮሊክ ይነሳል፣ ይወርዳል። በ1938 ፈርጉሰን ከሄንሪ ፎርድ ጋር ያለ ወረቀት፣ በመጨባበጥ ብቻ ተስማማ፤ በ1939 ፎርድ 9ኤን ትራክተር ወጣች። በ1947 የፎርድ ኩባንያ ስምምነቱን አፈረሰ፤ ከዚያ በኋላ ፈርጉሰን ክስ መሠረተ። በ1952 ነገሩ በ9.25 ሚሊዮን ዶላር ካሳ አለቀ። በዓመቱ ፈርጉሰን ከካናዳው ማሴ ሃሪስ ጋር ተቀላቀለ። በአገራችን እርሻዎች የምናውቀው ማሴ ፈርጉሰን የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው።

ክሱ ሲያልቅ ከሁለቱ ሰዎች ይልቅ ያተረፈው ገበሬው ነበር። ማያያዣው ውሎ አድሮ የሁሉም ሆነ። አንዱ ፋብሪካ የሠራው ትራክተር ሌላው የሠራውን መሣሪያ ይሸከማል። ዛሬ ገዢው ከብዙ ስኖውብሎወሮች መካከል መምረጥ የቻለው ለዚህ ነው።

▪️ ታሪኩ ሱቅ ውስጥ

ስለዚህ ከስፋትና ከዋጋ የሚቀድመው ጥያቄ፦ ትራክተሯ ምን ትችላለች?

አሮጌዋን ፎርድ 9ኤን የወረሰ ሰው አለ እንበል። ማያያዣው አላት፣ ፒቲኦውም አላት። ነገር ግን ፍሪሲዮኑ ሲረገጥ ፒቲኦውም አብሮ ይቆማል። ካምቢዮዋ ሦስት ማርሽ ብቻ ነው፤ ዝቅተኛው እንኳ ለከባድ በረዶ ይፈጥናል። ትራክተሯ እንድትዘገይ ፍሪሲዮን ሲረግጥ መወርወሪያው ይቆማል፤ በረዶው ማስወጫው ውስጥ ይታፈናል። ይህን ችግር የፈታው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የካናዳው ኮክሻት ኩባንያ በሞዴል 30 ላይ ያመጣው፣ ከፍሪሲዮኑ ነጻ የሆነ ፒቲኦ ነው። እንዲህ ያለ ፒቲኦና እጅግ ዝግ ያለ ማርሽ፣ ወይም ፍጥነትን በእግር የሚያስተካክል ሃይድሮስታቲክ፣ የሌላት ትራክተር ውድ ስኖውብሎወር ቢገጠምባትም ጥቅሙ ትንሽ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ከፊት ነው ከኋላ የሚለው ነው። የኋላው ርካሽ ነው፤ በሦስቱ ነጥብ ይገባል፣ በ540 ይሽከረከራል። ዋጋውን የሚከፍለው ግን አንገት ነው። ሾፌሩ ወደ ኋላ እየነዳ፣ ሰዓታት ሙሉ አንገቱን ጠምዝዞ ይሠራል። ወደ ፊት እየተጎተተ የሚሠራ የኋላ ዓይነትም አለ፤ አንገትን ያሳርፋል፣ ግን የትራክተሯ ጎማ በረዶውን ቀድሞ ይጠቀጥቀዋል።

የፊቱ ለዓይንም ለአንገትም ይመቻል። ነገር ግን ኃይሉን የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ከትራክተሯ ሆድ ሥር ካለው የመሐል ፒቲኦ ነው፤ እሱም በደቂቃ 2,000 ዙር አካባቢ ይሽከረከራል። መሐል ፒቲኦ የሌላት ትራክተር በዚህ መንገድ ልታሠራው አትችልም። ለኋላ የተገዛውንም እንዲሁ ወደ ፊት ማዞር አይቻልም።

ስፋቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቢያንስ የትራክተሯን ጎማዎች ወርድ መሸፈን አለበት፤ አለዚያ ጎማው ባልተጠረገ በረዶ ላይ ይሄዳል። ከዚያ በላይ መስፋቱ ግን ጉልበት ይበላል። ለ25 ፈረስ ጉልበት ከ1.2 እስከ 1.5 ሜትር የሚሆነው የተለመደ ነው። እጅግ ሰፊ ገዝቶ በየአሥር ሜትሩ ከሚያፈኑት፣ ጠበብ ያለ ገዝቶ ሁለቴ መመላለስ ይሻላል።

«ለምን ገፊ ምላጭ አይበቃም?» የሚል ይኖራል። ለትንሽ በረዶ ይበቃል፣ ርካሽም ነው። ግን ምላጭ በረዶውን ወደ ዳር ይገፋል እንጂ አያርቀውም። በታኅሣሥ የተገፋው በጥር ግድግዳ ይሆናል፤ መንገዱ በየሳምንቱ ይጠባል።

▪️ ዋጋው ላይ ያልተጻፈው

540 ዙር በደቂቃ ማለት በሰከንድ 9 ዙር ነው። ሽፋኑ የወለቀ ዘንግ የጃኬት ጫፍ ከያዘ፣ ሰውየው «ኧረ!» ብሎ ሳይጨርስ ክንዱ ተጠምዝዟል። ማስወጫው በረዶ ሲታፈን እጅ ሰዶ መጎርጎርም ብዙ ጣት አስቆርጧል። ሞተሩ ጠፍቶ እንኳ በታፈነው ምላጭ ውስጥ የተጠራቀመ ኃይል ሊኖር ይችላል፤ በረዶው ሲለቅ ምላጩ ይዞራል። ሞተር ማጥፋት፣ ሁሉም እስኪቆም መጠበቅ፣ ከዚያ በእንጨት ማጽዳት። በእጅ በፍጹም።

ድንጋይ ሲነክስ በራሱ ተሰብሮ ካምቢዮውን የሚያድን ብሎንም አለ። ብሎኑ ቶሎ ቶሎ ተሰበረ ብሎ በጠንካራ ብሎን የሚተካ ሰው፣ የሳንቲም ዕቃ አትርፎ ውዱን ካምቢዮ ይሰብራል። ያገለገለ ማሽን የሚገዛ ሰው ቀለሙን ከማየቱ በፊት የዘንጉን ሽፋንና እነዚህን ብሎኖች ይይ።

በራስ ደጀን አናት አልፎ አልፎ ከሚታየው በቀር በረዶ ለማያውቅ አገር ይህ ሁሉ ምኑ ነው? መልሱ በሦስቱ ነጥቦች ላይ ነው። ማረሻውም፣ መዝሪያውም፣ መውቂያውም ከትራክተር ጋር የሚገናኘው በዚያው ማያያዣና በዚያው ፒቲኦ ነው። ትራክተር ሲገዛ የፈረስ ጉልበቱ ብቻ ተቆጥሮ ከኋላው ምን እንደሚገጠም ካልተጠየቀ፣ ማሽኑ ለአንድ ወቅት ሠርቶ የቀረውን ዓመት ቆሞ ይውላል። አባቶቻችን ቀንበሩን ሳያዩ ሞፈር አልቆረጡም። ሞንትሪያልም ሆነ አርሲ፣ ትራክተር የሚገዛ ሰው ከዚህ የተለየ ነገር አይጠበቅበትም።